ከከሳሼ ጋር የተቋጠርኩባት እሑድ

በዕድሜዬ ብዙ ስም ወጥቶልኛል። እናቴ ታደሰ አለችኝ፤ የናዝሬት ተሳፋሪ «ባለጋሪ» አለኝ፤ ፈረሴ አፍ ቢኖረው ምን ይለኝ እንደነበር ባልሰማ ይሻላል። አንድ እሑድ ግን ከረፋድ እስከ ማምሻ «አሸባሪ» ተብዬ ዋልኩ። በዚያ ዘመን ይህን ስም ተሸክሞ ቤቱ ገብቶ እራቱን የበላ ሰው ጥቂት ነው። እኔ በልቻለሁ፣ ያውም ከከሳሼ ጋር በአንድ ሰሃን። እንዴት እንደሆነ ላውጋችሁ። መሳቅ ይፈቀዳል፣ እኔም ሳወራው እስቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ጉልበቴ እንጂ ጥርሴ አልተንቀሳቀሰም።

ጊዜው የደርግ ነው። ቀበሌ ጠመንጃ ያነገበበት፣ «አናርኪስት» የተባለ ሰው ከቀበሌ በላይ ወዳለው መሥሪያ ቤት፣ ወደ ከፍተኛው የሚወሰድበት፣ ከዚያ ወዴት እንደደረሰ እናቱ እንኳ ጮክ ብላ የማትጠይቅበት ዘመን ነበር። እኔ ከፖለቲካ የማውቀው እሑድ እሑድ ስብሰባ መኖሩን ነው። ከስብሰባ የቀረ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም፤ ስለዚህ አልቀርም።

ሥራዬ ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ መናኸሪያ ሰው ማመላለስ ነበር። ፈረሴ ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ጠንካራ ነው፤ ጠባዩ ግን የባለሥልጣን ልጅ ነው። ገለባው ላይ ሞላሰስ ካልተረጨለት እግሩን አያነሳም። ሞላሰስ ማለት ስኳር ከሸንኮራው ወጥቶ ሲያልቅ የሚቀረው፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ እንደ ማር የሚለጠጥ ተረፈ ምርት ነው። ወንጂ ፋብሪካ የሚሠራው አጎቴ ሄራሞ አልፎ አልፎ ያመጣልኛል።

የዚያን ሰሞን ያመጣልኝ ግን ከመወፈሩ የተነሳ አልፈስ አለኝ። ውሃ ጨመርኩበት። ዕቃ ስፈልግ የእናቴን የጠላ ጀሪካን አገኘሁ፤ ታቹ ላይ ትንሽ አተላ ነበረበት፤ ምን ቸገረኝ፣ ፈረስ አይጠየፍም ብዬ ሳላጥበው ሞላሁት። ጋሪ ላይ እንዳይደፋ ደግሞ አፉን በጨርቅ ጠቅጥቄ ክዳኑን በመዶሻ መታሁት። ጠላ ጠምቃችሁ የምታውቁ ከወዲሁ ሳቅ ጀምራችኋል። እኔ ግን ጠጪ እንጂ ጠማቂ አልነበርኩም።

እሑድ ጠዋት ጋሪዬን ከቀበሌው አጥር ውጭ አቆምኩና ገባሁ። ስብሰባው ግቢው ውስጥ፣ ግራሩ ጥላ ሥር ነው። ጥላው ለእኛ ለሰዎቹ ነው፤ ጀሪካኑ ጋሪው ላይ የናዝሬትን ፀሐይ እየጠጣ ነው።

ተናጋሪው ጓድ መንደፍሮ ነበር። የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ነው፤ የእኔ እኩያ፣ አዲስ ካኪ የለበሰ፣ ጠመንጃውን እንደ ሙሽራ የሚያቅፍ። አጥሩን ተደግፎ ቆመና ስለ ነቅቶ መጠበቅ አስተማረን።

«ጓዶች! አንዳንድ ለዘብተኞች አሸባሪ ሲያዝ ይጠየቅ፣ ምስክር ይሰማበት ይላሉ» አለ። «እባብ ቤትህ ሲገባ ጭንቅላቱን ትለዋለህ እንጂ ስምህ ማነው፣ ምስክር አለህ ወይ ትለዋለህ? ለአሸባሪ ችሎት ማቆም ለእባብ ወንበር ማቅረብ ነው!»

አጨበጨብን። እኔም ደህና አድርጌ አጨበጨብኩ፤ ስኳሩን አስቤ። ጭብጨባው ገና ሳያልቅ፦

ዷ!

ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተነጠፈ። ቆርቆሮ ክዳን በላያችን እያፏጨ አለፈና የድምፅ ማጉያውን ነደለው። ከአጥሩ ወዲያ ጥቁር ነገር እንደ ፏፏቴ ተነሳና ሙሉ በሙሉ መንደፍሮ ላይ ወረደ። መንደፍሮ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ተመታሁ!» አለ። «አብዮቱን አደራ! ለእናቴ... ለእናቴ በጀግንነት ነው በሏት!»

ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን እስኪሞት ጠበቅን። አልሞተም። ጥቂት ቆይቶ ምላሱ ወጣችና ከንፈሩን ላሰች። አንዱን ዓይኑን ከፈተ። እንደገና ላሰ።

«ጣፋጭ ነው» አለ ግራ ተጋብቶ። ወዲያው ግን ክብሩ ትዝ አለውና «መርዝ ነው! ጣፋጭ መርዝ ነው! የማን ጋሪ ነው?» ብሎ ጮኸ።

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። አብረውኝ ያጨበጨቡት ጎረቤቶቼ ከአጠገቤ ሸሸት ሸሸት አሉ። «ሞላሰስ ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ማን ሊያምነኝ! ሁለት ጥበቃዎች ብብቴን ይዘው አነሱኝ። ሊቀመንበሩ ከጠረጴዛ ሥር ብቅ አለና «ወደ ከፍተኛ ይወሰድ» አለ። መንደፍሮ ደግሞ «ምን ከፍተኛ! እዚሁ እርምጃ ይወሰድበት! እባብ ነው!» አለ። እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቦራን ማን ያበላዋል ብዬ አሰብኩ።

«ታኣ! ሁላችሁም ተቀመጡ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ኦቦ ደበሌ ናቸው። የቀበሌው የፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ ናቸው፤ በንጉሡ ጊዜ ለሰው ጥብቅና እየቆሙ ያረጁ፣ ከምግብ ክርክር የሚመርጡ ሽማግሌ። ፍንዳታው ሲሰማ ከግቢው ሁሉ መሬት ያልተኙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጉልበታቸው አይታጠፍም።

«ከሳሽ ማነው?» አሉ።

«አብዮቱ ነው» አለ መንደፍሮ።

«ይቅረባ። የት ሰፈር ነው የሚኖረው?»

«ኦቦ ደበሌ፣ ይቀልዳሉ እንዴ? አሸባሪ እኮ ነው!»

«እሱን ነው የምናጣራው። ከሳሽ ከሌለ ክስ የለም። ክስ ከሌለ ልጁ ፈረሱን ይዞ ይሂድ።»

መንደፍሮ ከአገጩ የሚንጠባጠበውን ጠረገና «እኔ ነኝ ከሳሹ!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ኦቦ ደበሌ ይህን ነበር የሚጠብቁት። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «በድሮ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪሰጥ በነጠላ ጫፍ ይቆራኙ ነበር» አሉ። «ተከሳሹ እንዳይጠፋ፤ ከሳሹም ሰውን ጭቃ ቀብቶ ቤቱ ሄዶ እንዳይተኛ። ከሰስከው አይደል ልጄ? እንግዲህ ይዘኸው ዙር።»

«ይሄ እኮ የፊውዳል ሥርዓት ነው» አለ ሊቀመንበሩ።

«ነው። ግን ቁልፍ አይፈልግም። እስር ቤታችሁን እንደሆን ሽንኩርት ሞልታችሁበታል።»

እውነት ነው፤ የሱቁ ሽንኩርት የሚከማቸው እስር ቤቱ ውስጥ ነበር። ሊቀመንበሩ ደግሞ ኦቦ ደበሌን ይፈራል፤ እናትና አባቱን ሁለት ጊዜ ያስታረቁት እሳቸው ናቸው። ኦቦ ደበሌ የነጠላውን አንድ ጫፍ በግራ እጄ፣ ሌላውን በመንደፍሮ ቀኝ እጅ ላይ ቋጠሩ። የቋጠሮው ዓይነት ከእሳቸው በቀር ማንም የማይፈታው ነው። ጠመንጃው የከሳሽ ምስክር ስላልሆነ ሊቀመንበሩ ዘንድ ይቀመጥ ተባለ።

«ሞላሰስ ነው ትላለህ። የሰጠህ ማነው?» አሉኝ።

«አጎቴ ሄራሞ፣ ወንጂ።»

«ሁለታችሁም ሂዱና አምጡት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልተመለሳችሁ ነገሩ ከእጄ ይወጣል፤ ከፍተኛው ይወስደዋል» አሉ። የመጨረሻዋን ሲናገሩ ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። እሳቸውም እኔም ከፍተኛ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

እንዲህ ሆነን የወንጂን መንገድ ጀመርን። እኔ በቀኝ እጄ ልጓም ይዤ፣ መንደፍሮ ጥቁር ሆኖ አጠገቤ ተቀምጦ። የናዝሬት ዝንብ ዜናውን ሰምቶ አጀበን። ከከተማ ስንወጣ ንብ ተጨመረ። መንደፍሮ በነፃ እጁ ሲያባርር፣ የታሰረው እጁ ሲያግዘው፣ የእኔ እጅ አብሮ እየተነሳ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ይል ነበር። ሰዎች «አካም!» እያሉ ይመልሱልናል።

ከሁሉ የባሰው ቦራ ነው። ከኋላው የሚወደው ነገር ይሸተዋል። ጥቂት ሄዶ ይቆምና አንገቱን አዙሮ መንደፍሮን በፍቅር ያየዋል።

«ምን ይፈልጋል?» አለ መንደፍሮ በጥርጣሬ።

«አንተን ሊበላ ነው።»

«አስፈራራኸኝ! ይመዝገብልኝ!»

«ማን ይመዝግብ? እኔና አንተ ብቻ ነን።»

ሸንኮራው እርሻ ስንደርስ በተቀመጠበት መቁነጥነጥ ጀመረ። ሽንቱ መጥቷል። መናገር አፈረ፣ መቻልም አቃተው። ወረድን። እሱ ወደ ሸንኮራው፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ መንገዱ ቆምን።

«እንዳታይ» አለኝ።

«ምን አያለሁ፣ ምስጢራዊ መሣሪያ ነው?» አልኩት። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ነጠላዋ ስትንቀጠቀጥ ተሰማኝ፤ እየሳቀ ነበር። ወዲያው ግን አመናጨቀኝና «አሁንም አሸባሪ ነህ» አለኝ።

የፋብሪካው ኬላ ጋ ስንደርስ አንድ ረጅም ጥበቃ ጠመንጃውን ደግኖ «ቁም! ውረዱ!» አለ፤ ወርደን ከፈረሱ ፊት ቆምን። እሱ ያየውን እናንተም እዩት፦ ሁለት ሰዎች አንድ ላይ ታስረዋል። አንዱ ደህና ነው። ሌላው ከራሱ እስከ ጫማው ጠቁሯል፣ ልብሱ ተጣብቋል፣ ንብ ይዞረዋል።

«እኔ አብዮት ጥበቃ ነኝ! አሸባሪ ይዤ ነው!» አለ መንደፍሮ።

«ጠመንጃህስ?»

«ሊቀመንበሩ ጋ ነው።»

«መታወቂያህስ?»

መንደፍሮ ከደረት ኪሱ አወጣ። መታወቂያው ሞላሰስ ጠጥቶ እንደ ተምር ተጣብቋል፤ ሊገልጠው ሲሞክር ፎቶው ተላቆ አውራ ጣቱ ላይ ቀረ። ረጅሙ ጥበቃ ሁለት እርምጃ ወደኋላ አለ።

«ቦምብ ስትሠራ ፈንድቶብህ ነው» አለው። «ይሄኛው የያዘህ ነው፣ አንተ ነህ አሸባሪው!»

«ኧረ በሕግ! አጣሩ እንጂ! ጠይቁኝ! ምስክር ይሰማልኝ!»

ረጅሙ ጥበቃ ሳቀ። «ለእባብ ወንበር አይቀርብም» አለ። አንድ ካድሬ ነው ለካ ሁለቱንም ያስተማራቸው። ጠመንጃውን አቀባበለ።

የመንደፍሮን ፊት በዚያች ደቂቃ አየሁት። ከጥቁሩ ሥር የነጣ ፊት ነበር። የራሱ ቃል ከሌላ ሰው አፍ ወጥቶ ሲመለስበት ወደ እኔ ዞረ። «ታደሰ» አለኝ፤ በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። «ንገረው።»

አልዋሻችሁም፣ ቶሎ አልተናገርኩም። «አላውቀውም» ብል አለቀ። ከሳሼ የለም፤ እኔም አሸባሪ የያዝኩ ጀግና ሆኜ ቤቴ እገባለሁ። ስኳርም ሳይጨመርልኝ አይቀርም። እጄን ላንቀሳቅስ ስል ግን ነጠላዋ ሳበችኝ፤ የእሱ እጅ ሲንቀጠቀጥ የእኔም ይንቀጠቀጥ ነበር። የቱ ፍርሃት የማን እንደሆነ አልለይ አለኝ። ደግሞም እንዲህ ተቆራኝተን እሱ ቢመታ፣ ጥይቷ አድራሻ አጣርታ እንደምትሄድ ማን ያውቃል?

«ከሳሼ ነው» አልኩ።

«ከሳሽህ ከሆነ ለምን ታድነዋለህ?» አለ ጥበቃው።

«እሱ ከሞተ ማን ይከሰኛል? ካልተከሰስኩስ ማን ነፃ ይለኛል? አሸባሪ ተብዬ ልቀር ነው እንዴ?»

ረጅሙ ጥበቃ ግንባሩን አከከ። እንዲህ ያለ ነገር በትምህርቱ ውስጥ አልነበረም። እያሰበ ሳለ ቦራ ከቆምንበት ደረሰ፤ አንገቱን ዘረጋና መንደፍሮን ከአገጩ እስከ ግንባሩ አንድ ጊዜ ረጅም ላሰው። አንዴ ከጀመረ ማን ያቆመዋል? ጆሮውን፣ አንገቱን፣ የካኪውን ኮሌታ። መንደፍሮ እጁ ታስሮ «ኧረ ያዙልኝ!» እያለ ይንፈራገጣል፤ በተላሰበት በኩል የሰው መልክ ብቅ ይላል።

ጥበቃው ጠመንጃውን አወረደ። «ባሩድ የሚልስ ፈረስ አላየሁም» አለ። ጣቱን ሰዶ ከመንደፍሮ ትከሻ ቀመሰ። «ሞላሰስ! የኛው ነው!» ከዚያ እስኪያነባ ሳቀና አጎቴን ሄራሞን አስጠራልን።

ተመልሰን ግቢው ስንገባ ፀሐይዋ ገና አጥሩ ላይ ነበረች። ሰው ሁሉ አልተበተነም፤ እንዲህ ያለ ስብሰባ ከዚያ በፊትም በኋላም አልነበረም። ኦቦ ደበሌ «ከሳሽ፣ ቃልህን ስጥ» አሉ።

መንደፍሮ አንገቱን ደፍቶ «ክሴን አንስቻለሁ» አለ በቀስታ።

«አይነሳም!» አሉ ኦቦ ደበሌ። «ሰው በአደባባይ አሸባሪ ተብሎ በሹክሹክታ ነፃ አይወጣም። ጮክ ብለህ ተናገር፤ እሱም ይመልስ፤ ምስክርም ይሰማ።»

ሁሉም ተሰማ። አጎቴ ሞላሰሱን መስጠቱን ተናገረ። እናቴ ተጠርታ ጀሪካኑ የጠላ እንደነበር ተጠየቀች።

«አተላ ነበረበት?» አሏት።

እናቴ ልጇ ሊገደል እንደነበር የሰማችው ገና መንገድ ላይ ነው፤ ዓይኗ አብጧል። ያም ሆኖ ቀና አለችና «ያልታጠበ ዕቃ ቤቷ አለ ሊሉኝ ነው? በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት?» አለች። ከብዙ ልመና በኋላ «ትንሽ ነበረበት» ብላ አመነች። ሴቶቹ በሙሉ «ውይ!» አሉ፤ አተላው ሞላሰሱን እንደ ጠላ አፍልቶት፣ መውጫ ሲያጣ እንደፈነዳ ለእነሱ የገባቸው ያኔ ነው።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ፦ ከሽብር ነፃ፤ ጠላ የነበረበትን ጀሪካን ጠቅጥቆ ፀሐይ ላይ በመተው ግን ጥፋተኛ፤ አጥሩንና ድምፅ ማጉያውን ያጥባል። እኔ ግንባሬ መሬት እስኪነካ አመሰገንኩ።

ቀጥሎ ቋጠሮው እምቢ አለ። ሞላሰሱ ደርቆ ነጠላዋን ድንጋይ አድርጓታል። ሊቀመንበሩ ሴንጢ አወጣ፤ ኦቦ ደበሌ «ነጠላዬ አትቆረጥም!» ብለው ተቆጡ። ስለዚህ እኛ ቤት ሄድንና እናቴ እጃችንን በሳፋ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከረችው። ከውሃው አውጥታን፣ እስኪላላ እራት አቀረበች። መንደፍሮ በታሰረ ቀኝ እጁ ሲቆርስ የእኔ እጅ ወጥ ውስጥ ይገባል፤ እኔ ውሃ ሳነሳ እሱ ጉርሻውን ይስታል። በመጨረሻ እሱ እኔንም አጎረሰኝ፤ ሌላ መላ አልነበረውም። ኦቦ ደበሌ ቋጠሮውን ፈቱልን፤ ያቺን የተለወሰች ነጠላ ግን መልሰው አልተቀበሏትም፣ እኔ ዘንድ ቀረች።

እስካሁን ሳቃችሁ ከሆነ ደግ ነው። አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከእኛ ሰፈር ከዚያ በፊትም በኋላም የተወሰዱ ልጆች ነበሩ። እነሱን ማንም ከከሳሻቸው ጋር አላቆራኛቸውም። ከሳሻቸው ማን እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ ሄዱ፤ ያልተመለሱም አሉ። ከእነሱ እኔ የምበልጠው በምንም አይደለም። ንፁህ ስለሆንኩ አልተረፍኩም፤ ንፁህነቴን የሚጠይቅ ሰው ስለነበረ ተረፍኩ። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

መንደፍሮ ከዚያ በኋላ ሰው ተይዞ ሲመጣ «ከሳሹ ማነው?» ማለት ጀመረ። ደጋግሞ ሲልባቸው ጊዜ አለቆቹ ሰለቹትና ጠመንጃውን ወስደው የሽንኩርት ጠባቂ አደረጉት።

ዓመታት አለፉ፤ ደርግ ወደቀ። ኦቦ ደበሌ ያን ቀን ሳያዩ ሞተዋል። አንድ ጠዋት እዚያው ግራር ሥር ሕዝብ ተሰበሰበ፤ መሐል ላይ እጁን የታሰረው መንደፍሮ ነው። «ገዳይ ነው! ለእሱ ደግሞ ምን ፍርድ ያስፈልገዋል!» አለ አንዱ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ የምሰጋለት ስኳርም አልነበረም። ቤቴ ሮጥኩና ነጠላዋን ይዤ ተመለስኩ።

አንዱን ጫፍ በመንደፍሮ እጅ ቋጠርኩ። ሌላውን ወደ ሕዝቡ ዘረጋሁና «ከሳሽ ማነው? ይምጣና ይያዝ» አልኩ። አንዳንዱ ሰደበኝ። ብዙ ቆይቶ እትዬ ዘነበች ተነሱ። ከዚያች እሑድ በፊት መንደፍሮ የተማሪ ልጃቸውን ክንድ በሰደፍ ሰብሮ ነበር። ጫፉን ያዙና እያለቀሱ አንድ በአንድ ተናገሩ። መንደፍሮ ሰማቸውና «አድርጌያለሁ» አለ። «ስለ ግድያውስ?» ብዬ ነጠላዋን ደግሜ ዘረጋሁ። ከዚያ ሁሉ ጮኺ ማንም ጫፏን ሊይዝ አልመጣም።

መንደፍሮ ፍርድ ቤት ቀርቦ ለክንዱ ታሰረ። ላላደረገው ግን አልሞተም። የእትዬ ዘነበች ልጅ ነገርም በጩኸት ውስጥ ሳይጠፋ፣ በስሙ ተጠርቶ ፍርድ አገኘ።

እናንተም አንዱ ተነስቶ «እሱማ አሸባሪ ነው፣ ምን ይጠየቃል» ሲል ከሰማችሁ፣ ወደ እኔ ላኩት። ነጠላዋ እስካሁን ቤቴ አለች፤ ስንት ጊዜ ታጥባ ጣፋጭነቷ ስላልለቀቀ ጉንዳን እንዳይበላት ከፍ አድርጌ ሰቅያታለሁ። አውርጄ ጫፏን አስይዘዋለሁ።